ድግግሞሽ ተብለው የተሰረዙት

ሰኞ

ኃላፊዬ ብሩክ ዛሬ በሰው ፊት አመሰገነኝ። «እንዲህ ነው እንጂ! እኛ ወር ሙሉ የጎተትነውን ሀያት በአንድ ጠዋት ጨረሰችው» አለ። ፊቴ ጋለ። ወልድያ ቢሮ ኢንተርን ሆኜ ከገባሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል፤ እስካሁን ስሜ የሚጠራው ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ ብቻ ነበር።

ሥራው ይሄ ነው። ድርጅታችን ለስምንተኛ ክፍል ልጆች በታብሌት ሒሳብና ሳይንስ ያስተምራል። ከሐብሩ ወረዳ የመጣው የተማሪ ዝርዝር ግን ዝብርቅርቁ የወጣ ነው፤ አንዱ ልጅ ሁለቴም ሦስቴም ተመዝግቧል ተባለ። እኔ ስምና የአባት ስም አንድ ዓይነት የሆነውን ፈልጎ፣ የመጀመሪያውን አስቀርቶ ሌላውን የሚሰርዝ ቀመር ጻፍኩ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ዝርዝሩ አጠረ፣ አማረ። ሴቭ አደረግሁ። ብሩክ ወዲያው ከሪፖርቱ ጋር አዲስ አበባ ላከው።

ቅጥር ካለ ስም የሚያቀርበው እሱ ነው። ቤት ደወልኩ። እማ ሰላምታዋን ሳትጨርስ «ሥራ ገባሽ?» አለች። አባባ መርሳ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብታለች» እያለ ነው አሉ። አሁን እንዴት ልውጣ?

ማክሰኞ

ምነው ባልሄድኩ።

ከመርሳ አለፍ ብሎ፣ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ አዲሱን ዝርዝር ይዤ። ስሙ ያለበት ልጅ የፈተና ማጠናከሪያውን ይቀጥላል፣ የሌለበት ታብሌቱን ይመልሳል። የሒሳብ መምህሩ መምህር እንድሪስ ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ። ክፍል ገብቼ ስም መጥራት ጀመርኩ።

«ሰይድ መሐመድ።»

አራት ልጆች ተነሱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን አየሁት፤ ያለው ሰይድ መሐመድ አንድ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ የትኛውን ነው?» አለ ከኋላ አንዱ። «ረጅሙን ነው፣ በረኛውን ነው፣ የወፍጮ ቤቱን ነው? ወይስ ይሄን ዝምተኛውን?»

ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ። አሕመድ ሁሴን ሦስት። ፋጡማ ይማም ሁለት። በጠራሁ ቁጥር ሳቁ እየቀነሰ፣ የኔ ላብ እየጨመረ መጣ። ዘሐራ አሊ ስል ሁለት ሴት ልጆች ተነሱ። አንዷ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ፊት መጣች።

«እኔ አሥራ ሁለቱንም ምዕራፍ ጨርሻለሁ። እሷ አራተኛው ላይ ናት። ዝርዝሩ ላይ ያለችው ማናት?»

ዝርዝሩን አየሁ። ያለው የሌላዋ ታብሌት ቁጥር ነው።

«እና እኔ የእሷ ግልባጭ ነኝ?»

መምህር እንድሪስ ወደ በረንዳ አወጡኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ፈረንጅ ቢያደርገው አይገርመኝም። አንቺ የመርሳ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እኔ ክፍል ስንት ሀያት ሰይድ ነበራችሁ?»

«ሁለት።»

«አንቺን ምን ብዬ ነበር የምጠራሽ?»

«አጭሯ ሀያት።»

«እህ» ብለው ገቡ። በሚኒባሱ መስኮት ምን እንዳየሁ አላውቅም። ወልድያ ደርሼ ነው የነቃሁት።

ረቡዕ

የድሮውን ፋይል ፈለግሁ። የለም። በላዩ ላይ ነው ሴቭ ያደረግሁት፤ ቅጂ አላስቀረሁም።

ተስፋ ያለው ታብሌቶቹ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ስለሌለ ልጆቹ የሠሩት ሁሉ እዚያው ታብሌቱ ላይ ተቀምጧል። ኢንተርኔት ያገኙ ቀን ግን ከቢሮው ዝርዝር ጋር ይመሳከራሉ፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ልጅ ከነሥራው ይጠፋል። የቢሮው መኪና ታብሌቶቹን ሰብስቦ ኢንተርኔት ወዳለበት ቢሮ ሊያመጣ የሚሄደው ዓርብ ከሰዓት ነው።

ለብሩክ ነገርኩት። በር ዘጋ። እሱ በር ሲዘጋ አይቼ አላውቅም።

«ሪፖርቱ እኮ ሄዷል፣ ሀያት።»

«እናርመው።»

«በሁለት ቀን ልዩነት? ‹ያኔ ምን ስትሠሩ ነበር› አይሉንም? በሚቀጥለው ዙር እናስተካክለዋለን።»

«ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ዘንድሮ ይፈተናሉ። ምን የሚቀጥለው ዙር አላቸው?»

ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረው። ‹ፋይሉን የለወጠው፦ ሀያት ሰይድ› ይላል። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ይሄ ከወጣ ማን ላይ እንደሚያርፍ እወቂው። የግምገማ ቅጽሽ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ዝም በይ፣ ከዚያ ከውስጥ ሆነሽ ታስተካክያለሽ።»

ክፉ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚያንቀኝም ያ ነው። ብናገር ከሥራው እቀራለሁ። ዝም ብል እነዚያ ልጆች ይቀራሉ። ደግሞ ሁለቱም መንገድ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው።

ሐሙስ

መብራት የለም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ብሩክ እንደ ወትሮው ቀለደ፣ እኔም እንደ ወትሮው ሳቅሁ። ራሴን ጠላሁ።

ኢንተርኖች ሲጨርሱ የሚሞሉት ቅጽ ተሰጠኝ። «ከልምምዱ ያገኙት ሙያዊ ትምህርት»፣ ከሥሩ ስድስት መስመር። «በቡድን መሥራት፣ ሰዓት ማክበር» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። እዚህ ልጻፈው፣

– ፋይል ከመንካት በፊት ቅጂ ማስቀረት። (ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ። መስማት ምንም አይደለም።)
– ኮምፒዩተሩ የጠየቅሁትን ብቻ ነው የመለሰልኝ። እኔ የጠየቅሁት የሰው አገር ጥያቄ ነው። ስምና የአባት ስም! ሐብሩ ላይ!
– ዝርዝር ሲያምር መጠርጠር።
– ሲያመሰግኑኝ የማልጠይቅ ሰው ነኝ። ይሄን አላውቅም ነበር።

እማ ደወለች። «አብሽሪ፣ ዱዓ እያደረግን ነው» አለችኝ። ስለምኑ እንደሆነ ሳታውቅ። ልነግራት አፌን ከፍቼ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁ። ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው።

አሥር ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር ወርጄ ለመምህር እንድሪስ ደወልኩ።

«ነገ መኪናው ሲመጣ ታብሌቶቹን እንዳይሰጡ። እባክዎ።»

«በማን ትእዛዝ ልበል?»

ወደ ደረጃው ቀና ብዬ አየሁ፤ የሚሰማኝ ሰው የለም።

«በእኔ።»

«ኢንተርን ታዛለች እንዴ?» አሉ። እየሳቁ ይሁን እየገረማቸው አልገባኝም። «እሺ። በጠዋት ነይ። ዓርብ ነው፣ ለጁምዓ በጊዜ ነው የምንለቃቸው።»

ዓርብ

ሳላስፈቅድ ሄድኩ። ከደብተር ላይ ወረቀት ገነጠልኩና ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ልጆቹ በተራ መጡ፤ እያንዳንዱ ታብሌት ላይ ያለውን ውጤት በእጄ ገለበጥኩ።

ሦስት ዓምድ በቂ መስሎኝ! ረጅሙ ሰይድ፣ «ሰይድ መሐመድ ሰይድ»። በረኛውም፣ «ሰይድ መሐመድ ሰይድ»። ተያየን።

«ዘመድ እንኳ አይደለንም» አለ በረኛው። «የአያቶቻችን ስም አንድ ነው፣ ምን እናድርግህ በለው ለኮምፒዩተሩ።»

መምህር እንድሪስ «የእናታቸውን ስም ጨምሪ» አሉ። አራተኛ ዓምድ አሰመርኩ። አንዱ ልጅ የእናቱን ስም በክፍሉ ፊት መናገር አፍሮ ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። ምዕራፎቹን የጨረሰችው ዘሐራ መጨረሻ ላይ መጣች፤ የጻፍኩትን ከታብሌቷ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። «ስምንተኛው ላይ ዘጠና አይደለም፣ ዘጠና አምስት ነው» አለችኝ። አስተካከልኩ።

አዛን ሲሰማ አላለቀም ነበር። መምህር እንድሪስ «ስገዱና ተመለሱ» አሏቸው። አንድም የቀረ የለም፤ ተመለሱ።

ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ባዶውን ሄደ። ወዲያው ብሩክ ደወለ።

«የት ነሽ?»

«መርሳ።»

«ምን ትሠሪያለሽ?»

ነገርኩት። ዘጋው።

እሑድ

ትናንትም ዛሬም እማ ቤት ነኝ። ወረቀቱን ወደ ላፕቶፔ እያስገባሁ ነው። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ቅጂ አስቀራለሁ፤ አሁን አምስት ቅጂ አለኝ፣ ይሄም በሽታ ነው። አባባን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። «ታዲያ የማንን ልጅ ነው የሰረዝሽው?» አለ። አባቶቻቸውን ነገርኩት። ግማሹን ያውቃቸዋል። ኩታውን አስተካክሎ ወጣ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ወደ አባቶቹ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ

በሁለት ሰዓት ቢሮ ነበርኩ። ብሩክ አልተቆጣም። አልቀለደምም። ወንበር ሳብ አድርጎ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየው። የእናት ስም ዓምድ ላይ ሲደርስ «ይሄ ምንድነው?» አለ። ስለ ሁለቱ ሰይዶች ነገርኩት። ፈገግ ሊል ሲል ተወው።

«አዲስ አበባ የምልከው ማብራሪያ ካለ ነው። ስህተቱ የማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተፈጠረ። ጻፊና ፈርሚ።»

ጻፍኩ። ሦስት መስመር ነው የፈጀው። ‹ረቡዕ ለኃላፊዬ አሳውቄያለሁ› የሚል አራተኛ መስመር ልጨምር አሰብኩ። ጨመርኩ። አንብቦት ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ራሱም ከሥሩ ፈረመ፣ አዲስ አበባ ላከው፣ አዲሱንም ዝርዝር በድሮው ምትክ ጫነው።

መምህር እንድሪስ በስልካቸው ኢንተርኔት ታብሌቶቹን ማገናኘት ጀመሩ። እኔ ጥፍሬን በላሁ። ምሳ አልበላሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ።

«አራቱም ሰይድ አሉ።»

«ዘሐራስ?»

«ሁለቱም አሉ።»

«የኛዋ… አሥራ ሁለቱም ምዕራፍ አለ? ያገናኙኝ፣ ራሷ ትንገረኝ።»

ስልኩ ራቅ አለ። የክፍል ጫጫታ ሰማሁ። ተመለሱ።

«አሥራ ሁለቱም አለላት፤ መልመጃ ጀምራለች። ‹ስጨርስ› አለች። አትረብሺያት።»

«እሺ» አልኩ።

የግምገማ ቅጼ ከብሩክ ጠረጴዛ ላይ ተነስቷል። የት እንደሄደ አልነገረኝም። አልጠየቅሁም።