ለእማዬ የማይነበበው ገጽ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽ? ያ ወገብሽ እንደ ልብ ያስጎነብስሻል ወይ? የእማዬ ዓይን፣ የአባባ ሳል፣ የልጅሽ የፊት ጥርስ እንዴት ሆኑ? ጥርሷ ገና ካልበቀለ አትሳቂባት፣ ፎቶ አንሺያት። የእኔን ነገር ቆይ፣ እደርስበታለሁ። እማዬ አጠገብሽ ከሆነች ግን እዚህ ላይ ውኃ ልጠጣ ብለሽ ተነሺና የሚቀጥለውን ብቻሽን አንብቢው።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ። ቀኑን ሙሉ የሰው ካፖርት ላይ ቁልፍ ስተክል የምውለው እኔ፣ ማክሰኞ ጠዋት የራሴን ሸሚዝ መቆለፍ አቅቶኝ ደረቴን በሻርፕ ሸፍኜ ሥራ ገባሁ። ምነው ሲሉኝ ፋሽን ነው አልኳቸው። በማግሥቱ ሁለት ሴቶች ሻርፕ ጠምጥመው መጡ።

ባለፈው ደብዳቤሽ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚያልቅልሽ ብለሽኛል። አያልቅም፣ እታለም። ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ ሰውነቴን የሚጠብቀው ዘበኛ ባለቤቱን ሌባ መስሎት መገጣጠሚያዬን ይደበድባል። መድኃኒቱ ዘበኛውን ያበርደዋል እንጂ አያባርረውም። ጠዋት ጣቶቼን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ እለማመጣቸዋለሁ፤ እስከ አራት ሰዓት አይፈቱም። ከሰዓት በኋላ ሰው እሆናለሁ። ይህንንም የምጽፈው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ነው ፊደሌ የቀናው።

በእኛ መሥሪያ ቤት እያንዳንዷ የሰፋችው ልብስ ኪስ ውስጥ ቁጥሯ ያለበት ወረቀት ትከታለች፤ ልብሱ ተበላሽቶ ከተመለሰ ወረቀቱ የሰፋችውን ይጠራል። ሕመሜን የምታውቀው አጠገቤ የምትቀመጠው ብቻ ናት፤ "ሳቂታዋ" እንላታለን። ጠዋት እሷ የእኔን ድርሻ ሰፍታ የእኔን ቁጥር ትከታለች፣ ከሰዓት በኋላ እኔ የእሷን ሰፍቼ የእሷን ቁጥር እከታለሁ። አምስት ወር ማንም አላወቀብንም።

ባለፈው ሳምንት ግን ሕመሙ ከሰዓት በኋላም አለቀቀኝም። ዛሬ አልቻልኩም ማለት ሲገባኝ፣ ስንቴ ላስቸግራት ብዬ ዝም አልኩ። ሰፋሁ፤ ክሩን አጥብቄ መጎተት ግን አቃተኝ። ዓርብ ዕለት አሥራ ሁለት ካፖርቶች ቁልፋቸው ተንጠልጥሎ ተመለሱ። በአሥራ ሁለቱም ኪስ ውስጥ የሳቂታዋ ቁጥር።

አለቃችን ሰዓቱን እያየ ስለሚያወራ "ደቂቃው" ነው የምንለው። በሁላችን ፊት "አንቺ ስትስቂ ቁልፉም አብሮሽ ሳቀ" አላት። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተመልሶባታል፤ ሁለተኛ የተመለሰባት ትሰናበታለች። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ ብሏታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ካፖርቶቹን ሰበሰበች። እኔም፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ የእኔ ስፌት ነው አላልኩም። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ በር ላይ ስደርስባት "ተይው፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም። አንቺን በዚህ እጅሽ ማን ይቀጥርሻል?" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደቂቃው አምና ጨርቅ ቆራጩን ዓይንህ ደከመ ብሎ ነው ያሰናበተው። ስለዚህ ነገ እውነቱን ስናገር ምን ሊመጣብኝ እንደሚችል አላጣሁትም። ቢሆንም ቆርጫለሁ፣ ከሳቂታዋ ቀድሜ እገባለሁ። ሻርፑንም አላደርግም፤ ሸሚዜ ካልተቆለፈ አይቆለፍ፣ ይየው።

አሁን ወደ እማዬ ተመለሺና ከዚህ ጀምሮ ጮክ ብለሽ አንብቢ።

አባባ፣ ሳልዎን በብርድ እንዳያባብሱት፣ ጠዋት ጠዋት ደጅ መቀመጡን ይተዉልኝ። የእታለም ባል፣ ጋሼ፣ የላኩልኝ ፎቶግራፍ ደርሶኛል፤ ወፍረዋል፣ ይመስገን። ጥርስ አልባዋን ሁለት ጉንጮቿን ሳሙልኝ። እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ "እኔ በጣም ደህና ነኝ" ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ አልጻፍኩትም። ቆጣ ብለሽ እታለምን ጠይቂያት፣ ፈቅጄላታለሁ፤ ትንገርሽ። ነገ አለቃዬ የሚለኝን፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ እንዳለ እጽፋለሁ። ያኛውን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ ታነብልሻለች።

ታናሽ ልጃችሁ

ከልብስ ስፌቱ ቤት ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን