አይቼ የዘጋሁት ጥሪ

ሰኞ

ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነበር አልኳት ለሚስቴ ለሰዓዳ። ውሸት ነው። ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አውጥቼ አይቼዋለሁ። «እማማ ፋጡማ» ይላል። ዘጋሁት። ደግመው ደወሉ፤ ደግሜ ዘጋሁት።

ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የምን ስብሰባ? የካውንቲው የድንገተኛ ጥሪ ማዕከል በጀት! ሰው ታመመ፣ ቤት ተቃጠለ ተብሎ 911 ሲደወል ስልኩን የሚያነሳው ማዕከል ማለት ነው። እኔ የአማካሪ ኮሚቴው አባል ነኝ፤ የሐበሻው ተወካይ። በካውንቲው ሥር ሆነው ማዕከሉን በጋራ ከሚደጉሙት ከተሞች አንዷ መዋጮዬን እቀንሳለሁ ስላለች የሚቆረጥ ወጪ እየተፈለገ ነበር። የአማርኛ አስተርጓሚዎች ውል ተነሳ። በአማርኛ የሚደውል ሰው የለም ማለት ይቻላል ተባለ። እኔም ክራቫቴን አስተካክዬ «የእኛ ሰዎች እኔ ጋ ነው የሚደውሉት» አልኩ። ሳቁ። ሰብሳቢዋ አመሰገነችኝ። ስልኩ የተንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው።

እማማ ፋጡማ ለቴሌቪዥን ሪሞትም፣ ለፖስታም ይደውላሉ። ያ መስሎኝ ነው። ለካ ባላቸው አባባ ይማም፣ ሪችመንድ ቤታቸው ውስጥ፣ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ አፋቸው ተሳስሮ ተቀምጠዋል። እማማ መልሼ እስክደውል ጠበቁኝ። ጭንቅ ሲላቸው ሰዓዳ ጋ ደወሉ። አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት።

ማክሰኞ

ሆስፒታል ዋልኩ። ስትሮክ ነው። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ቃል አይወጣቸውም። ሳን ፓብሎ ባለው ሱቄ በር ላይ ቆመው መንገደኛውን ሁሉ የሚያስቁት ሰው!

እማማ ፋጡማ ገና ሲያዩኝ «ስብሰባ ላይ እያለህ አወክሁህ፣ ልጄ፤ አፉ በለኝ» አሉኝ። እሳቸው እኔን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዶክተሯ በስክሪን አስተርጓሚ ላገናኛችሁ ስትል «አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አልኩ። አመል ነው። መቼ እንደጀመራቸውና መጀመሪያ ለማን እንደደወሉ ጠየቀች። እማማ እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው «ለሱ ነዋ» አሉ። እኔ በእንግሊዝኛ ምን አልኩ? «ለዘመድ።» ቀጥላ፣ ቶሎ ቢመጡ ኖሮ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር፤ አሁን ጊዜው አልፏል አለች። ይህንንም እኔው ነበርኩ የምተረጉመው። «በሌላ መንገድ ያክሟቸዋል» ብቻ አልኩ።

እጄን የታጠብኩት መስታወቱን ላለማየት አጎንብሼ ነው።

ረቡዕ

ጠያቂው ሆስፒታሉን ሞላው። ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ሙዝ በከረጢት። ምስጋናው ደግሞ ለኔ! «ኢብሮ፣ አንተን ኮል ባናደርግ ምን ይውጠን ነበር?» አለኝ አንዱ፣ ትከሻዬን መታ እያደረገ። ማንም ምንም አያውቅም። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምንድነው እኔ ጋ የሚደውሉት? እኔ ነኛ ያስተማርኳቸው። ለዒድ ስንሰባሰብ የምላቸው ይኸው ነበር፦

አምቡላንስ ያከስራችኋል።
ሳይረኑ ሰፈሩን ሲያናውጠው ጎረቤት ምን ይላል?
እንግሊዝኛችሁ ባይገባቸውስ?
መጀመሪያ እኔ ጋ ደውሉ።

ኮሚቴው ውስጥ ስገባ ማዕከሉን አስጎብኝተውናል። ደዋዩ «አማርኛ» ብቻ ካለ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ እንደሚገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ለአንድ ሰው አልተናገርኩም። ረስቼ አይደለም። ሲደውሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም።

ቤት ስገባ ሰዓዳ ልብስ እያጣጠፈች ነው። «አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?» አለችኝ። «አይቼዋለሁ» አልኩ። ቀና አላለችም። ልብሷን አጣጥፋ ጨርሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ

የኮሚቴውን ጉዳይ የምትከታተለው የካውንቲ ሠራተኛ ጋ ደወልኩ። የበጀቱ ረቂቅ አልቋል አለች። አስተያየቴ በጣም ጠቅሟቸዋል! አነበበችልኝ፦ ማኅበረሰቡ የራሱ የመረዳጃ መንገድ ስላለው ውሉ ቢቋረጥ ጉዳት አያስከትልም ይላል። የኔ ጉራ ነው እኮ በወግ ተጽፎ የመጣው።

ሰኞ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ከዚያ ለካውንቲው ቦርድ ይቀርባል። ቃሌን ማንሳት እፈልጋለሁ ስላት፣ ምክንያቱን ስብሰባው ላይ ራስህ ታስረዳለህ አለችኝ። ስብሰባው ደግሞ በኢንተርኔት ይተላለፋል። ሱቁን ቀድሜ ዘጋሁ።

ልጄ ሂክማ ከእናቷ ሰምታለች መሰለኝ፣ «ጀስት ቴል ዘም፣ ዳዲ» ብላኝ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ንገራቸውና ተገላገል ማለቷ ነው። ለሷ ቀላል ነው።

አርብ

ከጁምዓ በኋላ ለሰዉ ልናገር አስቤ ነበር። ለእማማ ሳልነግር በምን ፊቴ? ሆስፒታል ሄድኩ። የአባባን እጅ በቅባት እያሹ አገኘኋቸው። አባባ ተኝተዋል።

«ሰኞ ሲደውሉ የስልኬ ድምፅ ጠፍቶ አልነበረም፣ እማማ። አይቼ ነው የዘጋሁት።»

ማሸታቸውን አላቆሙም። «ሲዘጋማ ይታወቃል» አሉ። «ጠርቶ ሳይጨርስ ቁርጥ ይላል።»

እያወቁ ነው አፉ በለኝ ያሉኝ! ለዶክተሯ «ዘመድ» ማለቴን፣ ስለ መድኃኒቱም የደበቅኳቸውን ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ይህን አላወቁም ነበር። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም።

«ታዲያ ከእንግዲህ ለማን ነው የምንደውለው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ናይን ዋን ዋን ይደውሉ። ‹አማርኛ› ይበሏቸው። በአማርኛ የሚያናግርዎት ሰው ያመጣሉ።»

«ሁልጊዜ?»

እንደምንም ነገርኳቸው፦ ሰኞ ሊያስቀሩት ነው፤ ያውም እኔ በተናገርኩት።

ቅባቱን ከደኑና «እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ሰኞ

ስንሄድ መኪና ውስጥ «አንተ እንዳትተረጉምልኝ» አሉኝ። ካውንቲው በስልክ አስተርጓሚ አቀረበ።

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። የጻፍኩትን ትቼ በቃሌ። ጥሪው ሲመጣ እዚህ ወንበር ላይ እንደነበርኩ፣ አይቼ እንደዘጋሁት፣ ሰው 911 እንዳይደውል ያስተማርኩት እኔ እንደሆንኩ። ማንም አልሳቀም። ሳቃቸው ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ቀጥሎ እማማ ተነሱ። ቁጥር ስንወራወር በዋልንበት አዳራሽ ውስጥ የሳቸው አማርኛ ብቻ ተሰማ፤ ከኋላው የአንዲት ወጣት እንግሊዝኛ። «ለዚህ ሰውዬ ደወልኩ። ዘጋው» አሉ። ልጄ ሲሉኝ የኖሩት ሴት። «አንድ ሰው ስብሰባ ይኖርበታል፣ ይተኛል፣ ይሰለቻል። መንግሥት ግን ሠራተኛ እያፈራረቀ ነቅቶ ያድራል ብዬ ነው የመጣሁት።» ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ በሳቸው ድምፅ፣ አንዴ በልጅቷ። በሁለቱም ቋንቋ የዘጋው ሰው እኔው ነኝ።

ድምፅ ሲሰጥ ውሉ ይቋረጥ የሚለው ከረቂቁ ወጣ። የበጀቱ ጎዶሎ ከየት እንደሚሞላ ግን የሚያውቅ የለም፤ የመጨረሻው ውሳኔ የቦርዱ ነው። ሰብሳቢዋ እማማን አመሰገነች። እኔን አላመሰገነችኝም።

ስንመለስ፣ ሆስፒታሉ ልንደርስ ስንል ሳልጠይቅ መቅረት አልቻልኩም። «እማማ፣ ይቅር ብለውኛል?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ። «እሱን ጠይቀው። መናገር ሲጀምር።»

በር ላይ አውርጃቸው መኪናዬን አቆምኩ። ይህን የምጽፈው እዚያው መሪው ላይ ተደግፌ ነው። ንግግር የምታለማምዳቸው ቴራፒስት አባባ መቼ እንደሚናገሩ አታውቅም። አሁን ልገባ ነው።