በአንተ ድምፅ ያለቀሱ ሴቶች

ይድረስ ለአባዬ፣ ካለህበት።

እንደምን ከርመሃል አልልህም፤ አፈር ውስጥ ያለ ሰው እንዴት እንደሚከርም የታወቀ ነው። ከተለየኸን ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ቦንጋ ዝናቧ ስለማያባራ በክረምት ልቆጥር ብዬ አልሆነልኝም፤ የቆጠርኩት በሙት ዓመትህ ነው። በየዓመቱ ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ደግነትህ ያወራል፣ እኔ ወጥ አወጣለሁ።

ይህን የምጽፍልህ ፀሐይ አንድ ነገር ስለጠየቀችኝ ነው። ከሦስት ቀን በፊት፣ የመጀመሪያ ልጅህ፣ ታላቅ እህቴ ፀሐይ፣ «አባዬ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። የዚህን ጥያቄ መልስ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ ሞቷል፣ ሌላዋ ምላሷ ተሳስሯል። እውነቱን ልንገራት ወይስ ዋሽቻት ልኑር የሚለውን ከመወሰኔ በፊት ከአንተ ጋር ልነጋገር ብዬ ተቀመጥኩ። መቼም ዛሬ አታቋርጠኝም።

መጀመሪያ ቤትህን ልንገርህ። ቪዲዮ ቤቱን አከራይቼዋለሁ። አንተ መስኮቱን በአንሶላ ጋርደህ ሰው እንደ ጆንያ ስታጭቅበት የነበረው ክፍል አሁን ሞባይል ይጠገንበታል፣ ፍላሽ ላይ ፊልም ይጫንበታል። በሩ ላይ ባጃጆች ተደርድረው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ካሴት ማጫወቻ ዴክህ ከነአቧራው አልጋዬ ሥር አለ። እኔ እዚሁ ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። አላገባሁም፤ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል ስለማውቅ እባክህ ዝም በል።

ፊልምም ተለውጧል፣ ተሻሽሏል ግን አልልህም። ዲሽ የሚባል ነገር መጥቶ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ አማርኛ አፍ አውጥቶ በየቤቱ ይለፈልፋል። ሴቶቹ ተኳኩለው ይተኛሉ፣ ተኳኩለው ይነሳሉ። ሥራቸው አንዷ የሌላዋን ባል መንጠቅ፣ በር ላይ ተለጥፎ ወሬ መስማት፣ መርዝ መበጥበጥ ነው። አንዲት ሴት ድስት ስትጥድ ወይም ደሞዝ ስትቀበል እስካሁን አላየሁም። የአገራችን ፊልሞችም በሲዲ ወጥተዋል። በእነዚያ ደግሞ ልጅቷ ከገጠር አዲስ አበባ ትገባለች፣ ሱሪ ትለብሳለች፣ ትበላሻለች፤ ከዚያ ወይ ትሞታለች ወይ የሀብታም ልጅ ይቅር ይላታል። ምን እንዳጠፋች የሚነግረን የለም። ተማሪዎቼ «ቲቸር ይሄን አይተሽዋል?» እያሉ ፍላሽ ያመጡልኛል፤ እኔም አይቼ ክፉ ክፉውን እናገራለሁ። «ቲቸርን የሚያስደስታት ፊልም ገና አልተሠራም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ አሮጌውንም አዲሱንም የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴቷ አፏን ከፍታ እስክትዘጋ ድረስ ሰሟት ወይስ አልሰሟትም? በዚህ ሚዛን የሚያልፍ ጥቂት ነው፣ ከወደቁትም ሁሉ አንተን የሚያህል የለም።

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። በገበያ ቀን ከማንኪራ ማራቸውን ሸጠው የሚመለሱት፣ ከቢታ ገነት ለጉዳይ የመጡት ሁሉ ጄኔሬተርህ ሲጮህ ሰምተው ይገባሉ። አንተ ዘንግ ይዘህ ከቴሌቪዥኑ ጎን ትቆማለህ። የህንድ ፊልም ነው፤ ከሂንዲ አንዲት ቃል አታውቅም። አክተሩን በአማርኛ፣ ሽማግሌውን በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ታናግራቸዋለህ፣ ቤቱ በሳቅ ይናጣል። «ጋሽ በቀለ ሂንዲን እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው» ይሉህ ነበር። ለሴቶቹ ደግሞ ድምፅህን ታቀጥናለህ። የፊልሟ ሴት እጇን እያወናጨፈች፣ እንባዋን እየዋጠች፣ ወንዱ አንገቱን እስኪደፋ ድረስ ስትናገር አንተ ዘንግህን ተደግፈህ ትጠብቃለህ። እሷ ስትጨርስ ጉሮሮህን ትጠርግና በዚያ ቀጭን ድምፅ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ» ትላለህ። ያን ሁሉ ተናግራ ይቺው ናት! ሰውም አይስቅም ነበር፤ ሴት ብዙ ተናግራ ትንሽ ማለቷ ማንንም አልገረመውም።

አክተር አይሞትም ትል ነበር። ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብበት ተነስቶ ሸሚዙን ያራግፋል። ሴቷ ግን ትሞታለች፣ ስትሞትም በአንተ አፍ ታመሰግነዋለች።

ያ ድምፅ ክፉ ብቻ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። እማዬ የሞተች ሰሞን እኔና ፀሐይ እህል አንቀምስም ብለን ስንቀመጥ ድስቱንና ጭልፋውን አንስተህ በቀጭን ድምፅ ስታጣላቸው፣ ጭልፋው ድስቷን «ሆድሽ ሰፊ ነው» ሲላት፣ ፀሐይ ከሳቋ የተነሳ ትን ብሏት ነበር። እወድህ ነበር አባዬ። ባልወድህማ ይህን ሁሉ ወረቀት አላበላሽም።

ሂንዲ ሳታውቅ ታሪኩን ከየት እንደምታመጣው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጅማ ካሴት ልትገዛ ስትሄድ ይዘኸኝ ትሄዳለህ። አንተ ከስምህ በላይ መጻፍ አትችልም። ካሴት ሻጩ የእያንዳንዱን ፊልም ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወራልናል፣ እኔ በትምህርት ቤት ደብተሬ ጀርባ እጽፋለሁ። ቦንጋ ተመልሰን ፊልሙ በሚታይበት ቀን ጠዋት አነብልሃለሁ፤ አንዴ ከሰማህ አትረሳም። ስለዚህ የምትለውጠውን አውቀህ ነበር የምትለውጠው። ሴቶቹን በሙሉ ጥፋተኛ ስታደርጋቸው ሰምቼ ምንም ብዬህ አላውቅም፤ ፊልም ነው፣ ምን ቸገረኝ?

ፀሐይ ለቢታ ገነቱ የቡና ነጋዴ ስትዳር ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ለሦስተኛ ጊዜ ተደብድባ መጣች። የግራ ጆሮዋ ይደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጆሮ አትሰማም። «አባዬ፣ ብትገድለኝ አልመለስም» አለችህ። እሁድ ከባሏ ዘንድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጠህ ልጄ እንቢ አለች ማለት ሞት ሆነብህ። «ፈት ልጅ የታቀፈ ሰው ቤት ማን ፊልም ሊያይ ይመጣል?» ስትል ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን አስነበብከኝ። የሰካራም ሚስት ታሪክ ነበር። ትደበደባለች፣ ቤቱን ጥላ ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። የመጣችው ልጇን ልትወስድ ነው፤ ለባሏ የልቧን ነግራው፣ የልጇን እጅ ይዛ ትወጣለች። ሻጩ ያለው ይህን ነው፣ እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ዳቦህን እያኘክ ትንሽ አሰብክና «ደጃፉ ላይ ተናግራ ስትጨርስ ዴኩን አጥፊው» አልከኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም።

የዚያን ቀን ሴቶች በነፃ ይግቡ ተባለ። ፀሐይን ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ጆሮዋን በሻሽ እንዳሰረች አስቀመጥካት። ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላዋ ነበር። የፊልሟ ሴት ደጃፉ ላይ ቆመችና መናገር ጀመረች፣ ረጅም ተናገረች። አንተ ዘንግህን ግድግዳው ላይ አስደገፍከው። ከዚያ ያወጣኸው ድምፅ የዘወትሩ ቀጭን ድምፅ አልነበረም፤ የእማዬ ድምፅ ነበር። የሞተች እናታችንን ከመቃብር አስነስተህ «ቢመታኝም ባሌ ነው፣ ብሞትም በደጁ ልሙት» አስባልካት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እያለቀሱ የሚያዩት ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ፀሐይን ነበር። በዓይንህ ጠቀስከኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። ነዳጅ አለቀ ተብሎ ሰው ወጣ፣ ማንም ቅር አላለውም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ገና ውኃ ሳይጠጡ ፀሐይ ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ወደ ባሏ ስትመለስ የሁለት ወር እርጉዝ ነበረች። ፅንሱ አልተወለደም፤ ከቢታ የመጣ ሰው እንዴት እንደሆነ ነግሮህ ነበር፣ አንተም «የእግዜር ሥራ ነው» አልክ። የባሏ ጫማ ሥራ ነበር አባዬ። ደግማም አላረገዘች። እስክትሞት ድረስ አምስት ዓመት በዚያ ቤት ቆየች። አንተ ስትሞት መጥታ ከሬሳህ አጠገብ በደረቅ ዓይን ተቀመጠች፤ ሰው ድንጋጤ ነው አለ። በዓመቱ ባሏን ጥላ ወጣች። ሽማግሌ የሚመጣበት አባት ስለሌላት የመለሳት አልነበረም፣ ይህም ከሞትህ የተገኘ ጥቅም ነው። ቤይሩት ሄዳ የሰው ቤት ሠራች፣ አረብኛ ማንበብ ከአሠሪዋ ልጆች ጋር ተማረች። ባለፈው መስከረም ተመለሰች፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።

ከሦስት ቀን በፊት እሁድ ከሰዓት ዲሹን ከፍተን ምስር እየለቀምን ነበር። አንድ የአረብ ጣቢያ አሮጌ የህንድ ፊልም ያሳያል፣ ከሥሩ የአረብኛ ጽሑፍ አለው። ፀሐይ ለእኔ እያነበበች በአማርኛ ትነግረኛለች። ፊልሙን ያወቅኩት ሰካራሙ ብቅ ሲል ነው። ጣቢያ ልቀይር ብዬ ሪሞቱን ብፈልግ እሷ ጭን ላይ ነው። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆመች። ፀሐይ አንድም ሳታስቀር ተረጎመችልኝ፤ ከእንግዲህ እንደማትፈራው፣ እንኳን ሚስትነቷ ስሟም የእሱ እንዳልሆነ፣ ልጁ እሷ ስትደበደብ ያየበትን በር ደግሞ እንዳያየው ልትወስደው እንደመጣች። ያን ያህል ረጅም ነበር ንግግሯ። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ከግቢው ወጣች፣ በሩንም አልዘጋችውም። ያን ክፍል ቦንጋ ውስጥ ያየው ሰው አልነበረም።

ፀሐይ የምስሩን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። «ይሄም ነበረው እንዴ?» አለች። ቀጥላም «አባዬ ሂንዲ የት ያውቃል፣ መስሎት ነው» ብላ አንተን ነፃ ልታወጣህ ሞከረች። ከዚያ በደህናው ጆሮዋ በኩል ወደ እኔ ዞራ ያን ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም ምስሩ ውስጥ ድንጋይ እንደሚፈልግ ሰው አቀረቀርኩ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አሁን ስመለስ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ የሆነውን ልንገርህ።

ፀሐይ አንሶላ እያሰጣች ነበር። በቀኝ በኩሏ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጅማን፣ ደብተሩን፣ የቅዳሜውን ጠዋት። ያውቅ ነበር አልኳት። አንተን ስትረግም ልሰማ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ጓጉቼ ነበር። እሷ አንሶላውን ዘረጋች፣ ጫፉን ሳበች፣ «እሱስ ሽማግሌ ፈርቶ ነው፤ ድሮም ፈሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማር» አለች። በቃ፣ አንተን ይቅር ለማለት የፈጀባት አንድ አንሶላ የማስጣት ጊዜ ነው።

ከዚያ ዞር ብላ «ዴኩን ማን አጠፋው?» አለችኝ።

እኔ አልኳት። ልጅ ነበርኩ፣ እሱ በዓይኑ ጠቀሰኝ አልኳት። ፀሐይ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «የሱ አይገርመኝም። አንቺ ግን መጨረሻውን በእጅሽ ጽፈሽው፣ በማግስቱ ነጠላዬን ያቀበልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። ነጠላውን ማቀበሌን ረስቼው ነበር አባዬ። አሥራ አራት ዓመት አንተን ስከስ ያን ረስቼው ነበር።

ሻንጣዋን አዘጋጀች። ባጃጅ ጠርታ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኳት፣ አልመለሰችልኝም፤ በግራ ጆሮዋ በኩል ሆኜ ስለጠየቅኳት ይሁን አይሁን አላውቅም።

አባዬ፣ እንደማልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ። እሷ ይቅር ብላህ ሄዳለች፣ እንግዲህ አታስብህም። ጎረቤትም ነገ ሌላ ሟች ያገኛል። እኔ ግን ጠዋት ስነሳም፣ ክፍል ገብቼ ስቆምም አስብሃለሁ፤ በዚያ ቅዳሜ ከእኔ ጋር የነበርከው አንተ ብቻ ነህና፣ አንተን ከረሳሁ ጥፋቱን ብቻዬን ልሸከመው ነው።

ልጅህ አስቴር
ቦንጋ