ብቻዋን በመምጣቷ ስለተመለሰችው እህቴ

ይድረስ ለተከበሩ የዓይነ ስውራን ራስን መቻልና ሥራ ስምሪት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አቃቂ ቃሊቲ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ይልቁንም ዓይንዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ በደረጃዎ የተመላለስኩ ሰው እንደመሆኔ ደኅንነትዎ ከልብ ያሳስበኛል፤ ሦስተኛው ደረጃ የተሰበረ ነውና።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዓይነ ስውር እህቴን አቻምየለሽን ቃሊቲ የሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በስልክ ኦፕሬተርነት ሊቀጥራት ተስማምቶ ነበር። የጠየቃት ነገር ቢኖር በነጭ በትር ብቻዋን ወጥታ መግባት እንደምትችል የሚገልጽ የሥልጠና ወረቀት ብቻ ነው። በትሩም፣ ሥልጠናውም፣ ወረቀቱም ያሉት እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ምስጋናዬን እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ለዓይነ ስውራን የምታወጡትን ማስታወቂያ በመስታወት ሰሌዳ ውስጥ ስለምትለጥፉልን አመሰግናለሁ። እኔ ሳነብላት አቻምየለሽ መስታወቱን በመዳፏ እየዳሰሰች «ቢያንስ ንጹሕ ነው» ትል ነበር።

2. ዓይነ ስውርነቷን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ በየስድስት ወሩ እንድታሳድስ በማድረጋችሁ አመሰግናለሁ። በአራተኛው ዙር ሐኪሙ «ለውጥ አለ?» ብሎ ቢጠይቃት «አዎን ዶክተር፣ ትዕግሥቴ ቀንሷል» አለችው፤ እሱ ግን «ለውጥ የለም» ብሎ ጻፈ።

3. ብቻን መንቀሳቀስ ለሚያስተምረው ሥልጠና የሚመዘገብ ሰው አጃቢ ይዞ መቅረብ አለበት ለሚለው መመሪያችሁ ልዩ አድናቆት አለኝ። አጃቢዋ እኔ ነበርኩ። እናንተ በጠራችኋት ማክሰኞ ግን የሒሳብ ፈተና ነበረኝ፤ ቀን እንድትቀይሩልን ስደውል «ቀኑ ካለፈ ወረፋው ያልፋል» ተባልኩ። እሷም «አንተ ተፈተን፤ እኔ መንገዱን በእግሬ ቆጥሬዋለሁ» ብላኝ ሄደች። ታክሲ ተሳፍራ፣ መንገድ ተሻግራ፣ የተሰበረውን ደረጃ ዘልላ መዝጋቢዋ ፊት ቆመች። መዝጋቢዋም ያለ አጃቢ በመምጣቷ መለሰቻት።

ስትመለስ፣ ጠዋት ያልነበረ የቧንቧ ጉድጓድ ሰፈራችን ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ተቆፍሮ ጠበቃት። አጥርም ምልክትም አልነበረውም። በትር ቢኖራት ከእግሯ ቀድሞ ያገኘው ነበር። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየች። በመጀመሪያው ቀን እጄን ይዛ «መዝጋቢዋ ብቻዬን መምጣቴን ስታይ ሥልጠናውን ጨርሳለች ብላ ወረቀቱን እዚያው የምትሰጠኝ መስሎኝ ነበር» ብላ ሳቀች። በፈተናው ከሠላሳ ሃያ ስምንት አምጥቻለሁ፤ ውጤቱ ሲነገረን ግን ቀድሜ የምነግራት እህት አልነበረችኝም።

4. አርባዋ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ በትሩ ስለደረሰ ባለጉዳይዋ በአካል ቀርባ ፈርማ እንድትወስድ የሚል ደብዳቤ ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። የሞት ማስረጃዋን ይዤ መጣሁ። መዝጋቢዋ «ነፍስ ይማር» ካለችኝ በኋላ፣ ያለ አቻምየለሽ ፊርማ መዝገቡ እንደማይዘጋ፣ እሱ ካልተዘጋም ቀጣይዋ ተረኛ እንደማትጠራ አስረዳችኝ። ቀጣይዋ ተረኛ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ሱቅ ያላቸው የሐጂ ልጅ ዙለይኻ ናት፤ እሷም ዓይነ ስውር ናት። ፋብሪካው ያንኑ ሥራ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊያቆይላት ቃል ገብቷል። የሆነውን ስነግራት «አንተ ቀናው፣ ለፊርማው አውራ ጣቴን ላውሳት እንዴ?» አለችኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በትሩን ለዙለይኻ ይስጧት፣ ያሠልጥኗትም። ለምዝገባ አጃቢ የግድ ከሆነ እኔ አለሁ፤ በዚህ ወር ፈተና ቢኖረኝም አልፈተንም።

ለመመሪያዎ ያለዎት ታማኝነት ሳይጓደል፣ ደጅዎም ከባለጉዳይ ሳይለይ ዘመንዎን እንዲፈጽሙ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ቀናው ወልደገብርኤል
የቀድሞ አጃቢ

የግርጌ ማስታወሻ፦ የእህቴ ፊርማ ከሌለ አይሆንም ካሉ፣ መዝገቡን ይዘው እሷ ወዳለችበት ይምጡ። ከታክሲ ወርደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታጠፉ፣ ከግንቡ ሥር፣ ገና ሐውልት ያልቆመበት አዲስ አፈር ያገኛሉ። ታክሲ ማቆሚያው ጋ ያለው ጉድጓድ እስከ ዛሬ ስላልተደፈነ፣ እባክዎ አጃቢ ይዘው ይምጡ።