ስም ሳይቀረጽበት የተመለሰው ድንጋይ

ጥር ፲፬ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ስምሽን ሳላነሣ ጸሎቴን የማልፈጽም፣ እጅግ የምሳሳልሽ ልጄ፤ የሁሉ ጌታ ባለሽበት በሰላም ይጠብቅሽ። እኛ ቸርነቱ አልተለየንም።

ድንጋይሽ ደኅና ነው። ይህን ማስቀደሜ ደብዳቤውን ቆመሽ እንደምትከፍቺው ስለማውቅ ነው። አሁን ተቀመጪና ቀሪውን በእርጋታ አንብቢ።

በእጅሽ የነበረው የድንጋዩ ግማሽ ከመጋዙ ሥር መፈረካከሱን፣ የጥናትሽ መርማሪዎችም «ልኬቱ ካልተደገመ ሥራው አይጸናም» ማለታቸውን በስልክ የነገርሽኝ ዕለት፣ «እሺ፣ እልካለሁ» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የዓመታት ድካምሽ ሁሉ እኔ ዘንድ በአደራ ባስቀመጥሽው በሌላው ግማሽ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርሱ ደግሞ ከቦታው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር እናትሽ «ተኝተዋል» እያለች የሸኘችሽ እኔ አስተምሬያት ነው። ውሸት እንዳይሆንባትም ስልኩ ሲጮኽ ዐይኔን እጨፍን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀደም ብሎ ሳንባዬ ጥቂት አስቸግሮኝ ሐኪሞቹ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የሚያሳስብ አይደለምና በሥራሽ መካከል ላውክሽ አልወደድሁም። ወደ ቤት ስመለስ ከራስጌዬ ካለው የመጽሐፍ መደርደሪያ አጠገብ፣ ድንጋዩን የሸፈንሽበት ጨርቅ ብቻ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናትሽ ስጠይቃት ለቀናት ስትሸሸኝ ሰንብታ፣ በመጨረሻ ወለሉን ወለሉን እያየች፣ መዶሻ በጋሪ እንደ ወሰደው ነገረችኝ። መዶሻ ያልነው የወንድሜ ልጅ መተዳደሪያው የመቃብር ድንጋይ መጥረብ መሆኑን አስቢና፣ በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰብሁ ገምቺው።

ምርኩዜን ይዤ ልወጣ ስነሣ እናትሽ በሩ ላይ ቆመች። «ከዚያ አልጋ የተነሣ ሰው…» ብላ ጀመረችና ቀሪውን ዋጠችው። ከዚያ ካፖርቴን አምጥታ እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ፤ ክንዴንም ይዛ አብራኝ ወጣች።

መዶሻን ከሥራ ቤቱ በር ላይ ውኃ የሚረጨውን መጋዝ እያጠበ አገኘነው። ፊቱ ቀድሞውኑ በድንጋይ አቧራ ነጭቶ ስለ ነበር፣ እኔን ሲያይ መደንገጡን ያወቅሁት ቱቦው ከእጁ ወድቆ ጫማችንን ሲያርሰው ነው። ድንጋዩ የት እንዳለ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቸኩዬ ነው» አለኝ።

«ለማን ብለህ ነው የቸኮልኸው?»

እናትሽን አየ፤ እናትሽ ወደ መንገዱ ዞረች። «ለእርስዎ ነዋ» አለ።

ልጄ፣ አልፈርድበትም። ድንጋዩ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ አናቱ ክብ፣ ቁመቱ ልክ፤ ለዚያ ሥራ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። ከራስጌዬም አቁሜው ኖሬአለሁ። ሁሉን አስቀድሜ የማሰናዳ ሰው መሆኔን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ የምገነዝበት ጨርቅ እንኳ ተገዝቶ በሣጥን አለ። ታዲያ ድንጋዩንም ራሴ የመረጥሁት ቢመስላቸው ምን ያስደንቃል? ለአንዳቸውም የምን ድንጋይ እንደ ሆነ አልነገርሁም ነበር።

«መሮ አሳርፈህበታል?» አልሁት።

«ገና በእርሳስ ነው። ስምዎ ላይ ስደርስ 'ተሻላቸው' አሉኝና ተውሁት። ብቻ እንዲቆም ብዬ ከግርጌው ጥቂት ቆርጬለታለሁ።»

ቁራጩን ከሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር አወጣው፤ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ደግፎበት ኖሯል። ድንጋዩን ወደ ብርሃን አስወጥቼ መነጽሬን አደረግሁ። ውኃ በዋሻ ውስጥ ጠብታ በጠብታ እየነጠበ ንብር በንብር እንደ ሠራው፣ ከውኃው ጋር የገባው ዩራኒየምም በዝግታ ወደ ቶሪየም እየተለወጠ የእያንዳንዱን ንብር ዕድሜ እንደሚናገር ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። የፈለግሁት ያንን መስመር ነበር፤ በበረዶው ዘመን ዝናቡ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የነጠፈበትን፣ ነጩ ንብር ድንገት የሚጠቁርበትን። የሰሜን ዋልታ በረዶ በንብሩ የሚመሰክረው የአየር ለውጥ ከዚህ ጋር በአንድ ዘመን መሆን አለመሆኑን የምታረጋግጪው በእርሱ አይደል? ከቁርጡ በብዙ ስንዝር ከፍ ብሎ አገኘሁት። ጣቴን በላዩ አሳለፍሁ፤ ጭረት እንኳ የለበትም። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ «ተመስገን» ስትል ሰማኋት፤ ዞር ብዬ ባያት ግን የምታየው ድንጋዩን አልነበረም።

ከመጻሕፍት ከተማርሁት ቁጥር የሚርቀው የዘመኑ ብዛት ለእኔ ለሽማግሌው ከባድ መሆኑን አልሸሽግሽም። ሆኖም የበዓላትን ዕለት ከፀሐይና ከጨረቃ ሳስማማ ያረጀሁ ነኝና፣ ሁለት ቁጥሮች ሲለያዩ የሚያሻው ቁጣ ሳይሆን ተጨማሪ ምስክር እንደ ሆነ አውቃለሁ። ፈጣሪ ሥራውን በድንጋይ ላይም ጽፎ ከሆነ፣ አንባቢ ሆነሽ መመረጥሽ ለእኔ ክብር ነው።

መዶሻ ለካሣ ያህል ጠንካራ ሣጥን ሠርቶ በሱፍ ጠቅልሎታል፤ ቁራጩም ለብቻው አለ። ነገ በአውሮፕላን ጭነት ይነሣል። የእርሳሱን ጽሑፍ ሊያጥበው ሲል ከለከልሁት፤ ውኃም ብሩሽም ንብሩን እንዳይነካው ፈራሁ። ስለዚህ ሣጥኑን ስትከፍቺ «በዚህ ስፍራ ዐርፈዋል» የሚል ብታነቢ አትደንግጪ፤ ከሥሩ ስም የለም። ስንለያይ «ታዲያ ለእርስዎ ሌላ ልፈልግ?» አለኝ። «ፈልግ፤ ግን አትቸኩል» አልሁት። እናትሽ ሳትፈልግ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፤ እጅሽን ያጽና፤ በመርማሪዎችሽ ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ሥራሽን ሳትፈጽሚ ወደዚህ እንዳትመጪ። ከፈጸምሽ በኋላ ግን፣ ልጄ፣ አትዘግዪ።

የሚናፍቅሽ አባትሽ