ስም ያልተጠራበት ማስታወሻ

ለምወድህ ለተሾመ፣

በመጀመሪያ አንድ የሐሰት ወሬ ላርም። በሰፈሩ «እትዬ አስካለ ከሞቱት ባላቸው ጋር በስልክ ማውራት ጀምረዋል» ይባላል፤ ከዳቦ ቤቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ተዳርሷል። ልክ አይደለም። ከአንተ ጋር የማወራው እንዲህ በወረቀት ብቻ ነው። ከተለየኸኝ አራተኛው ክረምት ገባ፤ አንድም ቀን በስልክ ፈልጌህ አላውቅም። በስልክ የማነጋግረው ሌላ ነው፤ ዛሬ የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው። የእጅ ጽሑፌ ተበላሽቷል፣ ይቅር በለኝ። ፈርቻለሁ።

ሰበታ እንደተውካት አይደለችም። ከፊታችን የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ፎቅ ቆሞበታል። የኋላ ክፍሎቹን ለፋብሪካ ሠራተኞች አከራይተናል። በፉሪ በኩል የጤፍ ማሳ እያየን የምንመለስበት መንገድ ግራና ቀኙ ቤት ብቻ ሆኗል። ዳዊት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቡራዩ ነው። እህቴ እታገኝ ሱሉልታ ልጇ ዘንድ ናት፤ ልቧ አሁንም ያስቸግራታል። ከልጆቻችን ከእኔ ጋር የቀረችው ሂሩት ብቻ ናት። ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። የእኔን ዓይን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነው፤ የስልኩን ፊደል ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ።

በስልኩ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ረዳት አለ። ሲያናግሩት በድምፅ ይመልሳል፤ ግን ትናንት የነገርኩትን ዛሬ አያስታውስም ነበር። ሂሩት «ደብተር እንስጠው» አለችና አሮጌ ኮምፒውተሯን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣ ሰርቨር የሚሉትን ትንሽ የጋራ መዝገብ ሠራችለት። የዳዊትም፣ የእታገኝ ልጅም፣ የእኔም ስልክ እዚያ ይገናኛል። ሰርቨሩ ሦስት ነገር ብቻ ያውቃል፤ ማስታወሻ መጻፍ፣ መዘርዘርና ማንበብ። ረዳቱ የትኛውን መቼ እንደሚያዝ የሚረዳው በየሥራው ሥር ከተጻፈለት መግለጫ ነው።

የሂሩት መግለጫ እንዴት ልል እንደነበር ብታይ! «ማስታወሻ ይመዘግባል» ብላ ብቻ ስለተወችው ድመቷን የሰደብኩትን ሁሉ መዝግቦ ቡራዩ ድረስ ለዳዊት አነበበለት። ዳዊትም ደውሎ «እማዬ፣ ያቺ ሌባ ዛሬም ሥጋውን አነሳች ወይ?» እያለ ሳቀብኝ። እኛ በተማርንበት ቤት ነጥብ የዘለለ ተማሪ ቆሞ ይውል ነበር። ስለዚህ ሂሩትን አጠገቤ አስቀምጬ መግለጫውን እኔ አጻፍኳት። «መዝግብ ስትባል ብቻ ጻፍ። ከተነገረህ ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ። ከቤተሰቡ ማንም ሲጠይቅ የተጻፈውን አንብብ።» እሷማ «ለየሰዉ ቁልፍ ላብጅለት፣ የአንዱን ሌላው እንዳያይ» ብላኝ ነበር። «በአንድ ቤት ውስጥ ምን የሚደበቅ አለ?» ብዬ ከለከልኳት። ታውቀኛለህ።

ዛሬ ሂሩት «ድንገተኛ ስብሰባ አለብኝ» ብላ ማልዳ ወጣች። ነጠላ ይዛ ነበር፤ ለስብሰባ ነጠላ ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም። ማስታወሻ የማስነብበው ጠዋት ጠዋት ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ዛሬ ግን ከምሳ በኋላ የዓይን ጠብታዬን መጨመሬን ተጠራጠርኩና ረዳቱን «የዛሬውን አንብብልኝ» አልኩት። ጠብታውን መጨመሬን ነገረኝ። ቀጠለና ሂሩት ለሌሎቹ ያስመዘገበችውን በዚያ በማይለዋወጥ ድምፁ አነበበልኝ፦ «የእማዬ ነገር። ነገ ንጋት ላይ ኦቦ ለሚና የንስሐ አባቷ ቀድመው ይግቡ፤ እኛ ደጅ እንቆያለን። የግፊት ኪኒኗን መዋጧን ሳታረጋግጡ እንዳትነግሯት። እስከዚያ ማንም አይደውልላት።» አበቃ። ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም።

መርዶ ነው፣ ተሾመ። እንደ ኦቦ ለሚ ያለ ጎረቤትና ካህን በንጋት ተጠራርተው ለሌላ ለምን ይመጣሉ? ስም ግን የለበትም።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ሌሎቹንም አንብብ» ብለው ያነብልኛል፤ እንዲያነብ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። አልደፈርኩም። ዳዊት ዘንድ ልደውል አልኩና እጄን መለስኩ። ቢያነሳ እታገኝ ሞታለች ማለት ነው። ባያነሳስ? የልጆቹንማ ልቤ ሊያስበው እንኳ እምቢ አለ። ለአንዱ ብደውል ሌላውን በእጄ የምገድል መሰለኝ። ከዚያ ለማንም የማልናገረውን ተመኘሁ። እታገኝ ትሁን አልኩ። እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝን እህቴን፣ እሷ ትሁን አልኩ።

ወንድምህ ተጂ ላይ ያረፈ ዕለት ትዝ አለኝ። እኔ ከሰዓት ሰማሁ፤ ለአንተ የሚነገርህ ንጋት ላይ ነበር። እራት አቀረብኩልህ። በመሥሪያ ቤትህ ዘበኛ እየቀለድክ ሳቅክ፤ «ዛሬ ወጡ ጥሟል፣ ጨምሪልኝ» አልክ፤ ጨመርኩልህ። ሐዘኑ ሲበርድልህ «እንዴት ቻልሽው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «አንድ ሙሉ እንቅልፍ ላተርፍልህ ብዬ ነው» አልኩህ። ያን ጊዜ የሰጠሁህ ምን እንደነበር ገና ዛሬ ገባኝ። ሂሩት ልታተርፍልኝ ያሰበችውን እንቅልፍ በራሴ ትእዛዝ አጣሁት።

ፀሐይዋ ወደ ጅማ መንገድ አዘንብላለች፤ ሚኒባሶቹ ሠራተኛ ማራገፍ ጀምረዋል። አሁን ሂሩት ፊቷን ታጥባ፣ ድምፅዋን አስተካክላ ትገባለች። ከፊቷ ላይ ስሙን እንዳላነብ ፈራሁ፤ ሞራዬን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። እራት ታቀርብልኛለች፣ እበላለሁ። ቢያንቀኝም «ጨምሪልኝ» እላታለሁ። ማስታወሻውን መስማቴን አልነግራትም፤ ብነግራት ዕድሜዋን ሁሉ የገዛ እጇን ስትረግም ትኖራለች። ከአርባው በኋላ ጠርቻት የከለከልኳትን ቁልፍ አብረን እናበጃለን። የማን አርባ እንደሆነ ግን አላውቅም።

አንተ ግን ታውቃለህ። ማንም ቢሆን እኔ ሳልሰማ አንተ ዘንድ ደርሷል። እጁን ይዘህ ተቀበልልኝ። እኔም በሕይወት እስካለሁ ድረስ በጸሎቴ የሁለታችሁን ስም አስከትዬ እጠራለሁ፤ ለዚህ የማንም አስታዋሽነት አያስፈልገኝም።

ነገ ከሁሉ በፊት የግፊት ኪኒኔን እውጣለሁ፤ ኦቦ ለሚ በእሱ እንዳይጨነቁ። ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። አግዳሚውን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አቧራውን እጠርጋለሁ። ጥቁር ልብሴን አልነካም። ቤተ ክርስቲያን የምሄድ መስዬ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ የግቢውን በር ሳያንኳኩ እከፍትላቸዋለሁ። ከዚያም ምንም እንዳልሰማ ሰው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ብዬ «አካም ቡልታን፣ ኦቦ ለሚ? ምነው በማለዳ፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» እላቸዋለሁ።

ያንተው አስካለ