ያልተላጨሁት ፀጉር

ታዴዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን አሥራ ሦስት ክረምት አለፈ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ቃል አጥቼ አይደለም፤ በፍተሻ ቢገኝብኝ ሌንሳን ያለ እናት ያስቀራት ስለነበር ነው። አሁን የፈራናቸው ሄደዋል። ወታደሮቻቸው ጠመንጃቸውን እየጣሉ፣ አንዳንዶቹም ጫማ እንኳ ሳይኖራቸው፣ አምቦን አቋርጠው ወደ ጊንጪ ነጎዱ። እንግዲህ አንተ ከሞትክ በኋላ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ፀጉሬ መርገፍ እንዴት እንደጀመረ ታስታውሳለህ። ሌንሳን ከወለድኩ በኋላ ማበጠሪያው ላይ በጭብጥ ይቀር ጀመር። «የወሊድ ነው፣ ይመለሳል» አሉኝ። አልተመለሰም። መሐል አናቴ ሳስቶ ቆዳው ታየ፤ አናቴ የከለከለኝን ፀጉር አገጬ አበቀለው፤ የወር አበባዬም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። እናትህ ቅቤ ቀቡኝ፤ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ እሬት ጨምቃ አመጣች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰድከኝ። ሐኪሙ «ሆርሞን የሚባለው ነገር ተዛብቶባታል። አይገድላትም፤ ግን የሚያበቅልላት መድኃኒት የለኝም» ሲልህ እኔ አቀርቅሬ አለቀስኩ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እጅህን ሻሼ ላይ ጣል አድርገህ «እኔም እኮ እየተመለጥኩ ነው፤ ማን እንደሚቀድም እናያለን» አልከኝ። ሆለታ እስክንደርስ ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ራሴን የምታጥበኝ አንተ ነበርክ። ጓሮ ውስጥ፣ በሳፋ፣ የአጥሩን በር ዘግተህ። የሚረግፈውን እንዳላይ በመዳፍህ እየሰበሰብክ ኪስህ ትከተው ነበር። አይቼሃለሁ እኮ፤ ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።

የወሰዱህ በአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ቆመህ «የታሰሩት ተማሪዎቻችን የት ናቸው?» ስላልክ ነው። በማግስቱ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ተጥለህ አገኘንህ። ግማሽ ፊትህ አልነበረም። ያወቅሁህ በሹራብህ ነው። ራስህን ጭኔ ላይ ላደርግ ስጎነበስ አንዱ ታጣቂ በሰደፍ ጀርባዬን መታኝና «ለፀረ ሕዝብ ማልቀስ ክልክል ነው!» አለኝ። እናትህ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ፤ ሲያወጡት በደም ርሶ ነበር። አንተን እንደ ማገዶ ጭነት መኪና ላይ ወረወሩህ። የት እንደቀበሩህ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ድንኳን አልተተከለልህም። ጎረቤት እንኳ በራፋችን ላይ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥን ነበር።

አንድ ጠዋት ቦኖ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለ፣ ድሮ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠራ የነበረው፣ ኋላ የቀበሌ ታጣቂ የሆነው ሰውዬ ከኋላዬ መጣና ሻሼን መንጭቆ ጭቃ ላይ ጣለው። ሰልፈኛው ሁሉ መላጣዬን አየ።

«ተመልከቱ! ለዚያ ለፀረ ሕዝብ ባሏ ራሷን ተላጭታ አዝናለች!»

«በሽታ ነው» አልኩት። «ከወለድኩ ጀምሮ ነው።»

በጆሮ ግንዴ በኩል የቀረችውን ፀጉር ጨብጦ ሳበኝ። ከነቆዳው ተነቀለ። ደሙ አንገቴ ውስጥ ሲወርድ ሞቀኝ። አዴ ጫልቱ እንስራዋን ጥላ መሐላችን ገባች። «ኢሼ ዺሲ! ተዋት! ባሏ በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበረች!» ብላ ጮኸችበት። አፏን በሰደፍ አላት፤ የፊት ጥርሷ ወለቀ።

ቀበሌ አዳራሽ ወሰዱኝ። ሕዝቡን ሰብስበውታል። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ፣ ሳይቆጣ፣ እንደሚመክር ሰው ተናገረኝ። «በሽታ ከሆነ ጥሩ። ‹ለዚያ ሰው አላዘንኩም፣ ፀጉሬን የጨረሰው ሕመም ነው› በይ፣ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ታዴ፣ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ግማሹ እኮ እውነት ነው። ሐኪሙ የነገረን ነው። ሌንሳ እናትህ ጀርባ ላይ ሆና ታየኛለች። «አላዘንኩም» የሚለውን ልጀምረው አፌን ስከፍት ያ ሹራብህ መጣብኝ።

«ለእሱ ነው» አልኩ። «በገዛ እጄ ነው የተላጨሁት። ቢበቅል ደግሜ እላጨዋለሁ።»

 ሴቶቹ መሐል አንዲት የማላውቃት ሲቃ አሰማች። ሌላ ልቅሶ አልነበረህም፤ የቻልኩት ያንን ነው።

ገልብጠው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ስጮህ ካልሲ አፌ ውስጥ ወተፉብኝ። ሦስት የእግሬ ጥፍሮች ወለቁ፤ እስከ ዛሬ ሲበርድ አነክሳለሁ። ከዚያም ብዙ ወራት አሰሩኝ፤ ስፈታ ሌንሳ ስትጠራኝ «እማዬ» ማለት ረስታ ነበር። ፀጉሬም ያን ጊዜ ጨርሶ ሄደ። ለፀጉሬ ግን አላለቀስኩም።

ያን ሻሼን የመነጨቀውን ታጣቂ ባለፈው ወር ሕዝቡ ያዘው። ሊያመልጥ ሲል ወንዙ ዳር አግኝተው እየደበደቡ ወደ ሰፈራችን ጎተቱት። «ብዙነሽ፣ አንቺ ቅመሽው» አሉኝ። ድንጋይ አነሳሁና ወረወርኩ። ትከሻውን አገኘው፤ «እናቴ!» አለ። ሁለተኛ አላነሳሁም። አልተጸጸትኩም፤ የጠበቅሁትን ያህል ግን ደስ አላለኝም። ሽማግሌዎች ነጥቀው አሳሰሩት።

ሌንሳ አድጋልሃለች። ፀጉሯ ያንተ ነው፣ ሚዶ የሚሰብር። የእኔ ፀጉር የሄደበትን ምክንያት ነገርኳት፤ ነገ ወልዳ ቢሳሳባት ማንም እንዳያስፈራራት፣ እርግማን ነው እንዳይሏት። እናትህ ግን ይህን ሳያዩ አርፈዋል።

ትናንት ልቅሶህን ተቀመጥን። አስከሬን የለም፣ ፎቶግራፍህ ብቻ። ከጉደር አብረውህ ያስተማሩ መጡ፤ ጣታቸውን በእርሳስ የቀጣሃቸው ተማሪዎች ጎልማሳ ሆነው መጡ። አዴ ጫልቱ በዚያ በተሸረፈ አፏ ሙሾ አወረደችልህ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ያንን ያቆየነውን ሁሉ እስከ ማታ ጮህነው። እኔም ራሴን ገልጬ መሐላቸው ተቀመጥኩ፤ ዞር ያለ አልነበረም።

ታዴዬ፣ ከእንግዲህ አንተን በሹክሹክታ የማነሳበት ቀን የለም። በገበያም፣ በመንገድም፣ የልጅህ ልጅ ቢጠይቀኝም፣ ባሌን ገደሉብኝ እላለሁ፤ ስሙ ታደሰ ነበር እላለሁ።

ያንተው ብዙነሽ